የግራ ጉንጭ ከረሜላ

ብጣሽ ሃያ አራት ዓመት እስኪሞላው ድረስ ጥርሶቹን የሚያያቸው እንደ እንግዳ ነበር። መጥተዋል፣ ተቀምጠዋል፣ ቀናቸው ሲደርስ ይሄዳሉ። ስለዚህ ብዙም አይጨነቅላቸውም። ጠዋት ካልቸኮለ በብሩሽ እሽት እሽት ያደርጋቸዋል፤ ከቸኮለ በውሃ ተጉመጥምጦ ይወጣል። ችግሩ ብጣሽ ያልቸኮለበት ጠዋት የለም።

እውነተኛ ስሙ መታወቂያው ላይ አለ፤ ከመታወቂያው ውጪ ግን በዚያ ስም የሚጠራው ሰው የለም። እናቱ ልብስ ሰፊ ናት። ሕፃን ሳለ ከመቁረጫው ጠረጴዛ ሥር በሚቀመጠው የቁርጥራጭ ጨርቅ ቅርጫት ውስጥ እያስተኛችው ነበር የምትሠራው። ደንበኞች «ያ ብጣሽ ደህና ነው?» እያሉ ሲጠይቁ ሲጠይቁ ስም ሆኖበት ቀረ። ዛሬ በበር ሲገባ ጎንበስ የሚል ረጅም ጎረምሳ ነው፤ ስሙ ግን እዚያው ቅርጫቱ ውስጥ እንደተኛ ነው።

ሱቁ አንድ ሰፊ ክፍል ነው፣ ሦስት የስፌት መኪና ያለበት። በመስኮቱ በኩል ያለው የአጎቱ ነው። አጎቱ የእናቱ ታላቅ ወንድም ናቸው፤ ቤተሰቡ ሁሉ ጋሼ ይላቸዋል። ሱሪና ኮት ይሰፋሉ፤ ዓይናቸው ስለደከመ ብርሃኑ ለሳቸው ተሰጠ። መሐል ላይ እናቱ ተቀምጣ የሴት ቀሚስ ትሰፋለች። በበሩ በኩል፣ አቧራና ነፋስ በሚገባበት፣ ብጣሽ አለ። የተማሪ ዩኒፎርም፣ የሸሚዝ ኮሌታ፣ የተበላሸ ዚፕ፣ ባጭሩ ሁለቱ የማይወዱት ሥራ ሁሉ የሱ ነው። እሱ ግን አይከፋውም። ሲስቅ መንገዱ ማዶ ያለው ጫማ ጠጋኝ ቀና ብሎ ያያል።

በዚህ ሱቅ አንድ የማይጣስ ሕግ አለ፤ ምግብም ሻይም አይገባም። ከብዙ ዓመት በፊት ጋሼ አንድ ብርጭቆ ሻይ ነጭ ሳቲን ላይ ደፍተው ነበር። የዚያን ቀን እናትየው የተናገረችው እዚህ አይጻፍም። ከዚያ ወዲህ የሦስቱም ሆድ ከጠዋት እስከ ምሳ፣ ከምሳ እስከ መዝጊያ ሰዓት የሚታለለው ከእናቱ አባት ዘመን ጀምሮ ከሱቁ ባልጠፋው ከረሜላ ብቻ ነው። ከረሜላ አይፈስም፣ አይንጠባጠብም፣ ሥራ አያስቆምም። ከቁልፍ ቆርቆሮዎቹ አጠገብ የከረሜላ ቆርቆሮ አለ። አንዱን አንስቶ ጉንጭ ውስጥ መወተፍና ቀስ ብሎ እስኪሟሟ መተው ነው። መቆርጠም ክልክል ነው፣ ድምፁ እናትየውን ያናድዳታል። ሲያልቅ ሌላ ይተካል። እናትና ልጅ የሚይዙት በግራ ጉንጫቸው ነው፤ ጋሼ በቀኝ።

ክር ደግሞ በጥርስ ነው የሚበጠሰው። መቀስ ሁልጊዜ አንዱ ጨርቅ ሥር ገብቶ ይጠፋል። ጥርስ ግን የትም አይሄድም፣ ቢያንስ እስኪነቀል ድረስ። ብጣሽ ክሩን ወደ አፉ አስጠግቶ ቀጭ ያደርገዋል፣ በቀን ሁለት መቶ ጊዜ፣ ምናልባትም ከዚያ በላይ። ስፒል ሲይዝም እንደዚሁ በጥርሱ ነው። በአፉ አምስት ስፒል ይዞ ከደንበኛ ጋር መጨቃጨቅ የሚችል ሰው እንደሱ አላየሁም።

ይህ ሁሉ ሲሆን የቤተሰቡ ጥርስ እንዴት ነበር ካላችሁ፣ አልነበረም። አያትየው፣ እሳቸውም ልብስ ሰፊ፣ በአርባ ዓመታቸው ዳቦ የሚበሉት ሻይ ውስጥ ነክረው ነበር። እናቱ ከሃያ ስድስት ዓመቷ ጀምሮ የምትስቀው በሰው ሠራሽ ጥርስ ነው። ጋሼ ሦስት ቀርተዋቸዋል፤ ለሦስቱም ማዕረግ ሰጥተዋቸዋል፣ ዳኛው፣ ጸሐፊውና ዘበኛው። ጠንከር ያለ ምግብ ሲቀርብላቸው «ችሎቱ ዛሬ አልተሟላም» ይሉና ሳህኑን ገፋ ያደርጉታል።

ቤተሰቡ ለዚህ አንድ መልስ አለው፤ ዘር ነው። «የኛ ቤት ጥርስ» ይባላል፣ «የኛ ቤት አፍንጫ» እንደሚባለው ሁሉ። የእናቱ ታናሽ እህት፣ አስተማሪዋ አክስቱ፣ አርባ አምስት ዓመት ሲሞላት አንድ ጥርስ አልጎደለባትም። ይህም ማንንም አላሳሰበም። «እሷ ከማን እንደወጣች እንጃ» ተብሎ ታለፈ። አክስትየዋ በአሥራ አራት ዓመቷ እጅጌ አንገት ላይ ሰፍታ ከሱቁ በክብር የተሰናበተች ናት፤ እንዲህ ያለ ሰው ጥርሱም ለብቻው ቢሆን ምን ይገርማል?

የብጣሽ ሕመም የጀመረው ትምህርት ቤት ሊከፈት ሁለት ሳምንት ሲቀረው፣ ሰማንያ ዩኒፎርም በተቆለለበት ሰሞን ነው። መጀመሪያ ቀዝቃዛ ውሃ ሲጠጣ ብልጭ ብሎ ይጠፋ ነበር። ቀዝቃዛ ውሃ ተወ። ከዚያ ትኩስ ነገር ሲጠጣ ጀመረው። ትኩስ ነገር ተወ። ቀጥሎ በግራ ሲያኝክ ያመው ጀመር፤ ግራውን እንዳለ ተወው። ድዱ ደግሞ ብሩሽ በነካው ቁጥር ይደማል። ለድዱ አዘነለትና ብሩሹንም ተወ። እንዲህ እየተወ እየተወ ሰባት ወር ከረመ። ከረሜላውን ብቻ አልተወም።

አንድ ጠዋት ኮሌታ እየሰፋ ሳለ፣ ያለ ውሃ ያለ ሻይ፣ እንዲሁ በባዶ ሜዳ መንጋጋው ይመታ ጀመር። ፔዳሉን ለቆ ጉንጩን ያዘ። እናቱ መኪናዋን አቆመች። ጋሼ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፋ አደረጉ።

«ጀመረህ?» አለች እናቱ።

ራሱን ነቀነቀ።

«እንኳን ደስ ያለህ» አሉ ጋሼ። «ለአቅመ መነቀል ደረስክ።»

«ተወው እስቲ፣ ልጁን አታስፈራው» አለቻቸው። ከዚያ ወደ ብጣሽ ዞረች። «አይዞህ የኔ ልጅ፣ ጊዜው ደርሶ ነው። ቅዳሜ አብረን ሄደን እናስነቅለዋለን። ሌሎቹም ያው ተራ በተራ ነው፣ ትለምደዋለህ።»

ምሳ ሰዓት ላይ ሁለቱ ሲወጡ ብጣሽ ደንበኞች ልብስ የሚለኩበት መስታወት ፊት ቆመ። ከንፈሩን ገልጦ ጥርሶቹን አየ። የፊቶቹ ድምቅ ያሉ ነጮች ባይሆኑም ቀጥ ብለው የተሰለፉ ነበሩ። ከንፈሩን ወደ ውስጥ አጥፎ ጥርስ የሌለው ሽማግሌ መስሎ ለመሳቅ ሞከረ። አላሳቀውም። ዕድሜ ልኩን እንግዳ ናቸው ሲል ኖሮ፣ አሁን መሄጃቸው ሲደርስ እንዲሄዱ አለመፈለጉ ራሱንም ገረመው። አንዱም እንዲወጣበት አልፈለገም። ግን ዘር ነው ተብሏል፤ ከዘር ጋር ማን ይከራከራል ብሎ ወደ ኮሌታው ተመለሰ።

ቅዳሜ እናቱ የክት ቀሚሷን ለብሳ ቀደመችው። ጥርስ በማስነቀል ጉዳይ በቤቱ የሷን ያህል ልምድ ያለው የለም፤ ልጇን ብቻውን ልትሰደው ከቶ አላሰበችም። ሐኪም ቤቱ ከአንድ የጽሕፈት መሣሪያ መደብር በላይ ያለው ፎቅ ላይ ነው። መጠበቂያው ክፍል ውስጥ የፕላስቲክ ወንበሮችና የሰው ጭንቅላት የሚያክል የጥርስ ሞዴል አለ። እናትየው ሞዴሉን አንስታ፣ አገላብጣ፣ መገጣጠሚያውን በጣቷ ዳሰሰችና «አሠራሩ ደህና ነው» አለች።

ሐኪሟ ወጣት ናት፤ ብጣሽን ብትበልጠው አምስት ዓመት ነው። የነጭ ጋውኗ እጅጌ ረዝሞ ጣቶቿ ላይ ይወድቃል። እናትና ልጅ ሁለቱም እጅጌውን አዩ፤ ሁለት ጣት ያህል ማጠር እንዳለበት ሁለቱም በልባቸው ወሰኑ።

«የትኛው ነው ያመመህ?» አለች ሐኪሟ።

«ታች፣ በግራ፣ ከኋላ ሁለተኛው» አለች እናቱ።

ሐኪሟ ብጣሽን አየችው። «አፉ የማን ነው?»

«የኔ» አለ ብጣሽ፣ ትንሽ እያፈረ።

«ይነቀልለት ልጄ» አለች እናቱ። «አትድከሚበት። የኛ ቤት ጥርስ ነው፣ እስከዚህ ዕድሜ መቆየቱም ተመስገን ነው።»

ሐኪሟ አፉን አስከፈተችና በትንሿ መስታወት ስታይ ቆየች። የታመመውን ጥርስ ብቻ አይታ ትጨርሳለች ሲሉ ወደ ቀኙ ሄደች፣ ከዚያ ወደ ፊቶቹ መጣች፣ እዚያ ቆማ ቀረች። ራጅ አስነሳችው። ተመልሶ ሲቀመጥ ወንበሯን ጠጋ አደረገች።

«ልብስ ሰፊ ነህ አይደል?»

ብጣሽ ለካርድ ሲመዘገብ ከስሙና ከዕድሜው በስተቀር አልተናገረም። «ማን ነገረሽ?»

«ጥርስህ። የላይኛው የፊት ጥርስህ ጫፍ ላይ ቦይ አለ፣ ክር ልክ የሚገባበት። ጎኑ ደግሞ ተሰንጥቋል፣ ገና በጣም ቀጭን ነው። በጥርስህ መበጠስ ካልተውክ አንድ ቀን ክሩ ሳይሆን ጥርሱ ይበጠሳል።» መዝገቧን ገለጠች። «ጣፋጭ ነገር ትወዳለህ?»

«ብዙም አይደለም» አለ ብጣሽ።

«አይ፣ ብዙም አይደለም» አለች እናቱ፣ ልትደግፈው። «በቀን አሥር ከረሜላ ቢሆን ነው። ሥራ የበዛ ቀን ብቻ አሥራ አምስት።»

ሐኪሟ ስታቀርቅር ብጣሽ ሳቅ የያዛት መሰለው። «ትቆረጥሙታላችሁ ወይስ ይዛችሁት ትቆያላችሁ?»

«መቆርጠምማ አንፈቅድም» አለች እናቱ በኩራት። «ጉንጭ ውስጥ ነው የሚቀመጠው።»

«በየትኛው ጉንጭ?»

እናትና ልጅ ተያዩ። «በግራ» አለ ብጣሽ።

ሐኪሟ ራጁን ወደ ብርሃኑ አነሳችው። በቀኝ በኩል ያሉት ጥርሶች ደህና ናቸው፤ በግራ በኩል ሦስቱ ላይ ትናንሽ ጥቁር ነጥቦች ነበሩ፣ አራተኛው ላይ ጥቁሩ ወደ ውስጥ ዘልቆ እስከ ነርቩ ደርሷል። በጣቷ እያንዳንዱን አሳየችው። ከረሜላው ቀኑን ሙሉ የተኛበት ቦታ ነው፣ አለችው። ድዱም የሚደማው ብሩሽ ስለነካው ሳይሆን ብሩሽ ስለራቀው ነው፤ የተጠራቀመው ቆሻሻ ነው የሚያቆስለው።

«እና ጥርስህ ደካማ አይደለም» አለች። «ደካማ ቢሆን ኖሮ እናንተ ያደረጋችሁትን ሁሉ ችሎ እስከ ዛሬ አይቆምም ነበር። ይሄኛውም ይድናል። ውስጡ ተጠርጎ ይሞላል፣ ትናንሾቹም በዚያው ይሞላሉ፣ ሦስት ቀጠሮ ነው። ከነቀልነው ግን ተነቀለ፣ ሌላ አይበቅልም።»

«የዘር ነው እኮ ነው የምልሽ» አለች እናቱ። ድምፅዋ ተለወጠ።

«ዘርም የራሱ ድርሻ አለው እናቴ። ግን ዘር ጉንጭ አይመርጥም።»

ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ሐኪሟ የእናትየው ጥርስ ውስጥ ገባች። ቦርሳዋን አንስታ ተነሳች። ሐኪሟ ለብጣሽ ማስታገሻ ሰጠችውና ማክሰኞ ተመለስ አለችው። ወይ ሕክምናውን ትጀምራለህ ወይ አስነቅለዋለሁ ካልክ እነቅልልሃለሁ፣ ብዙ ከቆየህ ግን መግል ይይዝና ምርጫውም ያልቅብሃል፣ አለችው። በመንገድ ላይ እናቱ አንድ ቃል አልተናገረችም። ብጣሽ ስትቆጣ ያውቃታል፤ ስትቆጣ ታወራለች። ዝም ያለችበትን ቀን ግን አያስታውስም።

ሱቅ እንደደረሰ በቀጥታ ወደ መስኮቱ ሄደ።

«ጋሼ፣ አፍዎን ይክፈቱልኝ።»

«ምን ቆርጦህ?»

«አንድ ነገር ማየት ፈልጌ ነው፣ ይክፈቱ።»

ጋሼ ኮቱን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው ከፈቱ። ከረሜላው በቀኝ ጉንጫቸው ተወትፏል። ቀኙ በሙሉ ባዶ ነው። ዳኛው፣ ጸሐፊውና ዘበኛው ሦስቱም በግራ በኩል ናቸው። ብጣሽ ሁለት ጊዜ አየ፣ ከዚያ ያየውን ነገራቸው፣ የራሱን ራጅም አሳያቸው። ጋሼ ጣታቸውን አስገብተው ራሳቸው አረጋገጡ። ከረሜላውን አውጥተው በመዳፋቸው ላይ አስቀምጠው ለረጅም ጊዜ ተመለከቱት።

«ሃምሳ ዓመት ሙሉ» አሉ። ከዚያ አቧራውን እፍ ብለው ወደ አፋቸው መለሱት። «በቀኝ በኩል ከሆነ እንግዲህ ምን የሚያጠፋው አለ?»

ብጣሽ ሳቀ፤ ጉንጩን ይዞ ነው የሳቀው። ስልኩን አውጥቶ አክስቱ ጋ ደወለ። ሥራ ላይ ሆና ከረሜላ ትይዝ እንደሆነ ጠየቃት። «ተማሪዎቼ ፊት?» አለችው። «ደግሞ ልጅ ሳለሁም እኔ እኮ ከሱቁ የተባረርኩ ነኝ፣ ማን ከረሜላ ሰጥቶኝ።» ስልኩን ዘጋ። እናቱ ጀርባዋን ሰጥታቸው መኪናዋን ሳታቆም ትሰፋለች። ጆሮ ዳባ ልበስ ብላለች፤ ነገር ግን የምትሰፋው ጨርቅ ካለቀ ቆይቷል፣ መርፌው ባዶውን ነበር የሚመታው።

«እማዬ» አለ። «አላስነቅለውም።»

መኪናው ቆመ። «ተው አልኩህ እንዴ?»

«አይ፣ ተቆጥተሽ ነው ብዬ ነው።»

«አልተቆጣሁም። አንዲት ትናንት የተወለደች ልጅ አባቴም ወንድሜም እኔም ሞኞች ነን ብላ ስትሰድበን ምን ልበል? አንተ ራስህ ታውቃለህ። አፉ ያንተ ነው፣ ነግራሃለች።»

ማክሰኞ ብቻውን ሄደ። ማደንዘዣ ስትወጋው ዓይኑን ጨፍኖ የወንበሩን ክንድ ጨመቀ፤ ከቤቱ ሁሉ ረጅሙ ሰው በዚያች ሰዓት ቅርጫቱ ውስጥ ለመግባት ፈቃደኛ ነበር። ከዚያ በኋላ ምንም አልተሰማውም። ሐኪሟ ስትጨርስ ብሩሹን እንዴት እንደሚይዝ አሳየችው፣ ጠዋትና ማታ፣ ሁለት ሁለት ደቂቃ፣ ድዱ ቢደማም ሳያቆም። በጥርሶቹ መሐል ደግሞ በቀን አንድ ጊዜ ክር እንዲያሳልፍ ነገረችው።

«ክር?» አለ ብጣሽ። ጆሮውን አላመነም።

«ክር።»

በክር ጉዳይ ብጣሽን ማስተማር አያስፈልግም። ለሁለተኛው ቀጠሮ ሲመጣ ደረቱን ነፍቶ ነበር። ሐኪሟ አፉን አይታ በወረንጦ አንድ ነገር ከመሐል ስባ አወጣች። ሰማያዊ የክር ቁራጭ ነበር።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«የዩኒፎርም ክር ነው» አለ። «ጠንካራው። ቁልፍ የምንተክልበት። ተራውማ ይበጠሳል።»

ሐኪሟ ከወንበሯ ተነስታ ወደ መስኮቱ ዞራ ሳቋን ጨረሰች። ከዚያ ለጥርስ ተብሎ የሚሠራውን ክር ከመሳቢያዋ አውጥታ ሰጠችው። ብጣሽ በሁለት ጣቱ መሐል አሽቶ ጥራቱን መረመረ፤ ለስላሳ ነው፣ ለስፌት አይሆንም፣ ለጥርስ ግን ይሁን አለ።

ክር በጥርስ አለመበጠስ ከባዱ ሆነበት። እጁ ሳያስበው ወደ አፉ ይሄዳል። ትንሽ የክር መቁረጫ ገዝቶ በገመድ አንገቱ ላይ አንጠለጠለ፤ ጋሼ «ሜዳሊያህ ያምርብሃል» አሉት። ከረሜላውን ከምሳ ጋር ብቻ አደረገ፣ ውጪ፣ ጫማ ጠጋኙ ጋ ቆሞ፣ ከዚያ በውሃ ይጉመጠመጣል። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ድዱ መድማቱን አቆመ። ይህን ለእናቱ ሊነግራት ፈለገ። ግን እናቱ የጥርስ ነገር በተነሳ ቁጥር ቆርቆሮውን ከፍታ አንድ ከረሜላ ግራ ጉንጯ ውስጥ ትወትፍና «እኔን ምን ይነካኛል?» ትለዋለች። ብጣሽ ግራ ገባው። ጥርሱ ሊድን ነው፤ ምነው ደስ አላላት? እሱ ለራሱ ደስ ብሎታል፣ በሷ ምክንያት ግን ደስታው ሙሉ አልሆነለትም።

የሦስተኛው ቀጠሮ ቀን ሊወጣ ሲል እናቱ መቀስ፣ መርፌና ነጭ ክር በቦርሳዋ እየከተተች አገኛት።

«ወዴት ነሽ?»

«ያቺ ልጅ በዚያ እጅጌ ሰው አፍ ውስጥ እንዴት እንደምትገባ አልገባኝም። ላሳጥርላት ነው» አለች።

ሐኪሟ ብትከራከርም አልሆነላትም። ጋውኑን አስወለቀቻት፣ ሌላ እስክትለብስ እንኳ አልጠበቀችም። ብጣሽ አፉን ከፍቶ ሲታከም እናቱ ጥግ ካለው ወንበር ላይ ተቀምጣ በእጇ ቀመቀመችው። ስትጨርስ ክሩን ወደ አፏ አስጠጋች። ሐኪሟም ብጣሽም አዩዋት። እጇን መለሰችና መቀሱን ከቦርሳዋ ፈልጋ ቆረጠችው።

ጥርሱ ተሞልቶ አልቆ ነበር። ሐኪሟ ጓንቷን አወለቀች፣ ብጣሽ ተነስቶ አፉን ተጉመጠመጠ። እናቱ ጋውኑን አጣጥፋ ጭኗ ላይ እንደያዘች አልተነሳችም።

«ዶክተር» አለች። እስከዚያን ቀን ልጄ እንጂ ዶክተር ብላት አታውቅም። «የኔስ ይድኑ ነበር?»

ሐኪሟ ወንበሯን ጎትታ ፊት ለፊቷ ተቀመጠች። መዋሸት ትችል ነበር። «ሳላያቸው ሁሉንም ማለት አልችልም» አለች። «ከመነቀላቸው በፊት ያሙዎት ነበር?»

«አንዳንዶቹ።»

«ያላመሙዎት ብዙዎቹ ይድኑ ነበር እናቴ። ያመሙትም ምናልባት።»

እናቱ ራሷን ነቀነቀች። ጋውኑን ሰጠቻት። «ልበሺው እስቲ፣ ልየው» አለች። ሐኪሟ ለበሰችው፤ እጅጌው ልክ አንጓዋ ላይ አረፈ። እናቱ ትከሻውን አስተካከለችላትና ወጡ።

ደረጃውን ወርደው ከጽሕፈት መሣሪያ መደብሩ ፊት ሲደርሱ ቆመች። ሰው በግራና በቀኝ ያልፋል። እሷ የመደብሩን መስኮት ነው የምታየው፣ ደብተሮቹን።

«ሁለቱ ብቻ ነበሩ ያመሙኝ» አለች።

ብጣሽ አልገባውም። «ምን?»

«ሁለት ጥርስ ነበር ያመመኝ። ሃያ ስድስት ዓመቴ ነበር፣ ካንተ ሁለት ዓመት ብበልጥ ነው። አባቴ ያው ሁሉም መውጣታቸው አይቀርም፣ ከምትመላለሺ በአንዴ ተገላገይ አለኝ። እኔም እውነት መሰለኝ። በአንድ ወር ውስጥ ሁሉንም አስነቀልኳቸው። ደህና ነበሩ ብጣሽ፣ ደህና ነበሩ እኮ።»

የብጣሽን አንጀት በላችው። እጇን ያዘ፤ መርፌ የጠቀጠቃቸው ጣቶቿ በመዳፉ ውስጥ ትንሽ ሆኑበት። ይህን ሁሉ ጊዜ በሱ መዳን የተከፋች የመሰለችው ለዚህ እንደሆነ ገባው። አሁን ደግሞ እሱ ይቅርታ ይጠይቃት ወይስ ያጽናናት አላወቀም፤ ሁለቱንም ሳያደርግ እጇን እንደያዘ ቆመ።

እሷ ግን ዓይኗን በመዳፏ ጠረገችና ወደሱ ዞረች።

«አፍህን ክፈት።»

«እማዬ፣ መንገድ ላይ?»

«ክፈት አልኩህ። ጎንበስ በል።»

የሚያልፉት ሰዎች ያዩታል፤ የሃያ አራት ዓመት ጎረምሳ በመንገድ መሐል ጉልበቱን አጥፎ ለእናቱ አፉን ሲከፍት። ብጣሽ ፊቱ ጋለ፣ ግን ከፈተ። እናቱ አገጩን ወደ ብርሃኑ አዞረች። ከግራ ጀመረች፣ ከኋላ አዲስ የተሞላውን አየች፣ በፊት በኩል አልፋ እስከ ቀኙ መጨረሻ ሄደች፣ ከዚያ ወደ ላይኞቹ። አልቸኮለችም። አንዱንም አልዘለለችም።

«ሁሉም አሉ» አለች።